73 ቀን ያለ አስተማማኝ መመለሻ፦ የሶዩዝ ኤምኤስ-22 ጉዳይ ጥናት

ሰርጌይ ፕሮኮፒየቭ፣ ድሚትሪ ፔቴሊን እና ፍራንክ ሩቢዮ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2022 ከባይኮኑር ተነሥተው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲያቀኑ የተያዘላቸው ጊዜ ስድስት ወር ነበር። የተመለሱት ሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 ነው፤ 371 ቀን ሊሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀረው። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚያ ወራት ጣቢያው ውስጥ አየር አልጎደለም፤ መብራት አልጠፋም፤ ውኃም አላለቀም። የተበላሸው ሦስቱ የመጡበት፣ ሊመለሱበትም የታሰበው የሩሲያ መንኮራኩር፣ የሶዩዝ ኤምኤስ-22፣ ማቀዝቀዣ ነው። ስፋቱ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ የአንድ ዓመት መርሐ ግብር አዛባ።

የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር የወንበር ሒሳብ ነው። ምሕዋር ላይ አንድ ሰው ስንት ቀን ይቆያል የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ምግብ ወይም ኦክስጅን አይደለም፤ ከጣቢያው ጋር ተጋጥሞ የቆመ፣ የራሱ ወንበር ያለበት፣ በማንኛውም ሰዓት ተላቆ ሊወርድ የሚችል ጤነኛ መንኮራኩር መኖሩ ነው።

የወንበር ሒሳብ

ወደ ጣቢያው ሰው የሚያደርሱ መንኮራኩሮች አውርደው አይመለሱም። ጠፈርተኞቹ እዚያ እስካሉ ድረስ ተጋጥመው እንደ ነፍስ አድን ጀልባ ይጠብቃሉ። ጣቢያው በአንድ ቀን ውስጥ ሊለቀቅ የሚችልባቸው ሦስት ዋና ዋና አደጋዎች አሉ፦ እሳት፣ የአየር ግፊት በፍጥነት መውረድ እና የአየሩ መመረዝ። የመጨረሻው በተለይ የሚያሰጋው ከአሜሪካው ክፍል ውጭ በሚዞረው የማቀዝቀዣ አሞኒያ የተነሣ ነው። ከእነዚህ ሌላ ምሕዋር ላይ የማይታከም ድንገተኛ ሕመም አለ። በማናቸውም ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ወደ የራሱ መንኮራኩር ገብቶ በሩን መዝጋት አለበት፤ የሌላ ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሶዩዝ ወንበር ላይ በጂፕሰም የሰውየው ጀርባ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራ ልባስ ይገባል። ካፕሱሉ መሬት ሲነካ የሚመጣውን ምት በአከርካሪ ሁሉ ላይ እኩል የሚያከፋፍለው ይህ ልባስ ነው። በክብደት አልባነት አከርካሪ ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሚረዝም፣ ልባሱ ሲቀረጽ ከራስ በላይ ትርፍ ቦታ ይተዋል። የአንዱ ልባስ ለሌላው አይሆንም። የጠፈር ልብሱም እንዲሁ ነው፦ የሶዩዙ «ሶኮል» ልብስ ቱቦዎች ለሶዩዝ፣ የአሜሪካው መንኮራኩር የድራጎን ልብስ ማገናኛ ለድራጎን ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ዲሴምበር 14 ቀን 2022 በጣቢያው ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ በኤምኤስ-22፣ አራቱ ደግሞ በድራጎን «ኢንዱራንስ» የመጡ ናቸው፦ ኒኮል ማን፣ ጆሽ ካሳዳ፣ ኮይቺ ዋካታ እና አና ኪኪና። ሩሲያዊቷ ኪኪና በአሜሪካ መንኮራኩር፣ አሜሪካዊው ሩቢዮ በሩሲያ መንኮራኩር የመምጣታቸው ነገር በሁለቱ የጠፈር ድርጅቶች፣ በአሜሪካው ናሳና በሩሲያው ሮስኮስሞስ፣ መካከል በ2022 የተደረገ የወንበር ልውውጥ ውጤት ነው። የልውውጡ ዓላማ ከሁለቱ መንኮራኩሮች አንዱ ቢታገድ ወይም ቀድሞ ቢወርድ፣ በጣቢያው ላይ የሁለቱንም ክፍል የሚያውቅ ሰው እንዳይጠፋ ነው። ስምምነቱ ከተፈረመ ስድስት ወር ሳይሞላው ለምን እንዳስፈለገ ታየ።

ፍሳሹ የታየበት ምሽት

በአሜሪካ ሰዓት ዲሴምበር 14 ምሽት ላይ (በሞስኮ ዲሴምበር 15 ሊነጋ ሲል) ፕሮኮፒየቭ እና ፔቴሊን የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው ከጣቢያው ውጭ ለሥራ ለመውጣት ይዘጋጁ ነበር። የዚያን ዕለት ሥራቸው ራስቬት ከተባለው የጣቢያው የሩሲያ ክፍል ላይ አንድ ትልቅ ራዲያተር (ሙቀትን ወደ ህዋ የሚለቅ ሰሌዳ) ነቅሎ ናውካ ወደተባለው ሌላ የሩሲያ ክፍል ማዛወር ነው። ይህ ራዲያተር ኋላ ላይ ስለሚመጣ ይታወስ።

በዚህ መካከል በኤምኤስ-22 የውጭ ማቀዝቀዣ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ወረደ። በቀጥታ ሥርጭት ላይ የነበረው ካሜራም ራስቬት ሥር ከተጋጠመው መንኮራኩር ጀርባ ነጭ ብናኝ በኃይል ሲተፋ አሳየ። ፈሳሹ ባዶ ህዋ ውስጥ ሲገባ ወዲያው እየተነነና እየቀዘቀዘ ስለሚበተን፣ በካሜራ የሚታየው እንደ በረዶ ፍንጣሪ ሆኖ ነው። ፍሳሹ ለሰዓታት ቀጠለ።

መጀመሪያ የተደረገው ነገር ተገቢ ነበር፦ ወደ ውጭ መውጣቱ ተሰረዘ። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ የጠፈር ልብስ ላይ ከተለጠፈ ሲመለሱ አብሮ ወደ ጣቢያው አየር ይገባል፤ የልብሱን መስታወትም ሊያደበዝዝ ይችላል። በዚያ ላይ ሁለቱ ሰዎች ውጭ እያሉ መንኮራኩራቸው እየፈሰሰ ነው ማለት፣ አንዳች ነገር ቢከሰት ወዴት እንደሚገቡ አይታወቅም ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሳይወጣ ኪኪና የአውሮፓውን ሮቦታዊ ክንድ እያንቀሳቀሰች ከጫፉ ባለው ካሜራ ቦታውን ቀረጸች። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ዲሴምበር 18፣ ረጅሙ የካናዳ ክንድ ተጨማሪ ምስል ወሰደ። ቀዳዳው የተገኘው በኋለኛው የመሣሪያ ክፍል ዙሪያ በተጠቀለለው ራዲያተር ላይ ነው።

ሥራው ግን አልቆመም። ዲሴምበር 22 ሩቢዮ ራሱ ከካሳዳ ጋር ወጥቶ አዲስ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተከለ። ቀኑ ከ21 ወደ 22 የተገፋው የጠፈር ፍርስራሽ እየቀረበ ስለነበር ጣቢያው መንገዱን ማስተካከል ስላስፈለገው ነው እንጂ በሶዩዙ ምክንያት አይደለም።

አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። በኦገስት 2018 የሶዩዝ ኤምኤስ-09 ግድግዳ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ተገኝቶ የጣቢያው አየር ሲያፈስ፣ የዚያም መንኮራኩር አዛዥ ፕሮኮፒየቭ ነበር። ያኛው በኤፖክሲና በጨርቅ ተደፈነ፤ ይኼኛው እንዲያ የሚደፈን አይደለም።

ፈሳሹ ሲያልቅ የሚሆነው

ባዶ ህዋ ውስጥ ሙቀትን የሚወስድ አየር የለም። ከመንኮራኩር ሙቀት የሚወጣበት ብቸኛ መንገድ በጨረር መልክ ነው። ሶዩዝ ይህን የሚሠራው በሁለት የፈሳሽ መስመሮች ነው። የውስጡ መስመር ሰዎቹ ያሉበትን ክፍልና መሣሪያዎቹን እየዞረ ሙቀት ይሰበስባል፤ ሙቀቱን በመለዋወጫ በኩል ለውጭው መስመር ያስረክባል። የውጭው መስመር ፈሳሽ (አይሶኦክቴን ነው፤ በከባድ ቅዝቃዜ የማይረጋ) በራዲያተሩ ቱቦዎች እያለፈ ሙቀቱን ወደ ህዋ ይለቃል። ሁለት የተለያየ ፈሳሽ መጠቀም ያስፈለገው ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ቢያፈስ እንኳ ሰውን የማይጎዳ መሆን ስላለበት፣ ውጭ ያለው ደግሞ የማይቀዘቅዝ መሆን ስላለበት ነው።

ፓምፖቹ መጠባበቂያ አላቸው፤ ፈሳሹ ከሌለ ግን ፓምፕ የሚገፋው ነገር የለም። የውጭው መስመር ባዶ ሲሆን የውስጡም መስመር ሙቀቱን የሚያስረክብለት ያጣል። በኤምኤስ-22 የሆነው ይኸው ነው።

መንኮራኩሩ ከጣቢያው ጋር ተጋጥሞ እስካለ ድረስ ችግሩ የሚቻል ነበር። አብዛኛው መሣሪያ ጠፍቷል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ከጣቢያው የሚነፍስ አየርም ይገባበታል። ሮስኮስሞስ ከፍሳሹ በኋላ በሰዎቹ ክፍል ያለው ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ተናግሮ ነበር። ሞተሮቹም ተፈትነው ሠርተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ ምን ችግር አለ?» ማለት ይቻላል፤ የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል ግን እዚህ ላይ ነው።

ለመውረድ ሲታሰብ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የጣቢያው አየር ይቋረጣል። በሩ አየር አለማሳለፉ ይፈተሻል፤ ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠባብ ካፕሱል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ፣ ሬዲዮው፣ አቅጣጫ መቆጣጠሪያው ሁሉ ይበራል። በተለመደው አሠራር ከመላቀቅ እስከ ማረፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በሩ ከተዘጋበት ሲቆጠር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነው። እያንዳንዱ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ የመቶ ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። ከሙቀቱ ይበልጥ የሚከፋው እርጥበቱ ነው። የካፕሱሉ አየር ማድረቂያ የሚሠራው ትነቱን ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ አጠራቅሞ በማውጣት ነው፤ ቱቦው ካልቀዘቀዘ ላብና ትንፋሽ አየሩ ውስጥ ይቀራል። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ አካል ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። የሩሲያ መሐንዲሶች ስሌት ሦስት ሰው ይዞ ቢወርድ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል ከከፍተኛ እርጥበት ጋር አሳየ። ያም ወራት ሙሉ በክብደት አልባነት የቆየ ሰው ላይ፣ ወደ ምድር ሲመለስ ከክብደቱ አራት እጥፍ ያህል ጫና ሊሸከም ሰዓታት ሲቀሩት ነው።

የመሣሪያው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ከጠፋ፣ መንኮራኩሩን ከምሕዋር የሚያወጣው የዋናው ሞተር ቃጠሎ ትክክለኛ አቅጣጫና ርዝመት አይኖረውም። ይህ ቃጠሎ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ጊዜ ስህተት ቢፈጠር ማረፊያው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይዛባል። ስለዚህ ግምገማው የደረሰበት ውሳኔ ሁለት መልክ ነበረው፦ መንኮራኩሩ ለተለመደ ጉዞ አይሆንም፤ ሌላ ምርጫ በሌለበት አደጋ ጊዜ ግን ያገለግላል።

አማራጮቹ

ጥገና ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ራዲያተሩ ምሕዋር ላይ እንዲጠገን ተብሎ አልተሠራም፤ በዚያ ገጽ ላይ ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ቀዳዳውን መድፈን ቢቻል እንኳ መስመሩን እንደገና በፈሳሽ መሙላት፣ ከዚያ በፊትም አየር አለመቅረቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ በጠፈር ልብስ ጓንት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሦስቱን ወዲያው በኤምኤስ-22 ማውረድ የሙቀቱን አደጋ በፈቃደኝነት መቀበል ነው። ተጨማሪ ድራጎን መላክ ደግሞ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ወንበር፣ ሥልጠናም ይጠይቃል።

የተመረጠው መንገድ ጃንዋሪ 11 ቀን 2023 ይፋ ሆነ፦ ቀጣዩ ሶዩዝ፣ ኤምኤስ-23፣ ያለ ሰው ባዶውን ይላካል፤ ሦስቱ በእሱ ይመለሳሉ፤ ኤምኤስ-22 ባዶውን ይወርዳል። የናሳው የጣቢያው ፕሮግራም ኃላፊ ጆኤል ሞንታልባኖ ነገሩን «ማዳኛ ሶዩዝ» ከማለት ይልቅ «ምትክ ሶዩዝ» ማለትን መረጡ። ቃሉ ለሕዝብ ማረጋጊያ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ሰዎቹ በዚያ ሰዓት አደጋ ላይ አልነበሩም፤ የጎደላቸው መመለሻ ነው።

የውሳኔው ዋጋ ግን በዚያው ተከፈለ። ኤምኤስ-23 በማርች አጋማሽ ኦሌግ ኮኖኔንኮን፣ ኒኮላይ ቹብን እና ሎራል ኦሃራን ይዞ ሊነሣ የተዘጋጀ መንኮራኩር ነበር። እሱ ባዶውን ከሄደ ተረካቢዎቹ የሚሄዱበት የላቸውም። ተረካቢ ከሌለ ደግሞ የሩሲያውን ክፍል የሚያንቀሳቅስ ሰው እንዲኖር ያሉት ሦስቱ መቆየት አለባቸው። ቀጣዩ ኤምኤስ-24 ደግሞ ተሠርቶ የሚደርሰው ለሴፕቴምበር ነው። ስድስት ወሩን ወደ አሥራ ሁለት ያሳደገው ይህ የምርት ሰሌዳ ነው፤ መንኮራኩር ቀድሞ አይወለድም። ስለ ሩቢዮ ረጅም ቆይታ የሚነገረው አብዛኛው «ተጣብቆ ቀረ» የሚል ነው። በእኛ እይታ ይህ አባባል ያሳስታል፦ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በፈለጉ ሰዓት መውረድ የሚችሉበት ጤነኛ መንኮራኩር ነበራቸው። የቆዩት ቢወርዱ ጣቢያው ላይ ሰው ስለሚጎድል ነው።

በመካከል ያሉት ሳምንታት

ምትኩ እስኪመጣ ድረስ አደጋ ቢፈጠርስ? ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ብዙ ያልተነገረለት፣ ግን ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ጃንዋሪ 17 እና 18 የሩቢዮ የወንበር ልባስ ከኤምኤስ-22 ወጥቶ ወደ ድራጎን ተወሰደ። ድራጎን አራት ወንበር ነው ያለው። ከወንበሮቹ በታች ግን ዕቃ የሚታሰርበት ቦታ አለ፤ ልባሱ እዚያ ላይ ተጠፍሮ አምስተኛ ማረፊያ ሆነ። ለመደበኛ ጉዞ የሚመረጥ አይደለም፤ ምት የሚቀንስ ወንበር ከሥሩ የለም። ለድንገተኛ ግን ከምንም ይሻላል።

ትርፉ ሁለት ነው። ሩቢዮ ቀዝቃዛ መንኮራኩር አገኘ። በኤምኤስ-22 ውስጥ የሚቀሩትም ሦስት ሳይሆኑ ሁለት ሆኑ፤ የሰው ሙቀትና እርጥበት በሲሶ ሲቀንስ ሙቀቱ አደገኛ ደረጃ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ይረዝማል። ከሦስቱ ሩቢዮ መዛወሩም ምክንያት ያለው ነው፦ ሶዩዝን የሚያበሩት አዛዡ ፕሮኮፒየቭና ዋናው የበረራ መሐንዲስ ፔቴሊን ናቸው፤ የሦስተኛው ወንበር ሰው ባይኖርም መንኮራኩሩ ይነዳል። ከፍሳሹ እስከዚያች ቀን ድረስ በነበሩት አምስት ሳምንታት ገደማ ግን የሦስቱም ተስፋ የፈሰሰው መንኮራኩር ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ፖይስክ በተባለው የሩሲያ ክፍል ላይ ተጋጥሞ የነበረው የዕቃ ማመላለሻ ፕሮግረስ ኤምኤስ-21 በተመሳሳይ ሁኔታ ፈሳሹን አፈሰሰ። የዚያኑ ዕለት ሌላ ፕሮግረስ በጣቢያው ጀርባ በሰላም ተጋጥሞ ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት መንኮራኩር፣ አንድ ዓይነት ጉዳት። የኤምኤስ-23 መነሻ ለፌብሩዋሪ 20 ተይዞ ስለነበር ምትኩ መንኮራኩር ላይ ያው እንከን አለመኖሩ እስኪጣራ ጥቂት ቀን ተገፋ። ፕሮግረሱ ሲላቀቅ ጠፈርተኞቹ የተጎዳውን ጎኑን ፎቶ እንዲያነሡ ተሽከረከረ፤ ሮስኮስሞስ ኋላ ላይ ራዲያተሩ ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ መታየቱን ገለጸ።

ኤምኤስ-23 ፌብሩዋሪ 24 ተነሥቶ ፌብሩዋሪ 26 ፕሮግረሱ በለቀቀው ፖይስክ ላይ በራሱ ተጋጠመ። ከፍሳሹ የተቆጠረ 73 ቀን ነው። ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ወደ 430 ኪሎግራም ዕቃ ጭኖ መጣ። በማርች የመጀመሪያ ሳምንት ዕቃው ተራግፎ ሦስቱ ልባሶች ገቡ። የሩቢዮ ከድራጎኑ በጊዜ መውጣት ነበረበት፤ ድራጎኑ ማርች 11 ከነባለቤቶቹ ወደ ምድር ይሄዳልና።

ባዶው መንኮራኩር ማርች 28 ተላቀቀ። ከመላቀቅ እስከ ማረፍ የፈጀው ሁለት ሰዓት ያልሞላ ነው፤ ከተለመደው ግማሽ ያህል። መንገዱ አጭር መሆኑ መሣሪያዎቹ የሚሞቁበትን ጊዜ ይቀንሳል። ውስጡ ዕቃ ተጭኖ ነበር። የሶዩዝ ካፕሱል ወደ ከባቢ አየር ሲገባ አቅጣጫ የሚይዘው የክብደቱ ማዕከል ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን ስለተደረገ ነው፤ ሦስት ሰው በሌለበት ያ ሚዛን እንዲጠበቅ የዕቃው አጫጫን በስሌት መሆን አለበት። ከካዛኪስታኗ ዠዝካዝጋን በስተ ደቡብ ምሥራቅ 147 ኪሎ ሜትር ላይ በሰላም አረፈ። ራዲያተሩ ግን አልተመለሰም። የመሣሪያው ክፍል ከማረፍ በፊት ተለያይቶ ከባቢ አየር ውስጥ ስለሚቃጠል፣ ቀዳዳውን በእጅ ይዞ የሚመረምር ላቦራቶሪ አይኖርም። የዚህ ጉዳይ ትልቁ ክፍተት ይኼ ነው።

የተራዘመው ግማሽ

ስድስት ወር ሲጨመር መጀመሪያ የሚታሰበው ምግብ ነው። ግን ተረካቢዎቹ ስላልመጡ የአፍ ቁጥር አልጨመረም፤ ለኮኖኔንኮ ቡድን ሊሄድ የነበረው ስንቅ ለእነዚህ ሆነ። የሚቸግረው በስም የሚላከው ዕቃ ነው፦ በልክ የተሰፋ ልብስ (ጣቢያው ላይ ስለማይታጠብ ለብሶ መጣል ነው)፣ የመሮጫ ጫማ፣ የግል መድኃኒት፣ የንጽሕና ዕቃ። ባዶው ሶዩዝና ተከታዮቹ የዕቃ መንኮራኩሮች ይዘው የመጡት ከዚህ ዓይነቱ ጭምር ነው።

የመጋጠሚያ ቦታም መስተካከል ነበረበት። ፖይስክ ሩሲያውያን ወደ ውጭ የሚወጡበት ክፍል ስለሆነ፣ ኤፕሪል 6 ሦስቱ በኤምኤስ-23 ገብተው ተላቀቁና ፕሪቻል በተባለ ሌላ ክፍል ላይ እንደገና ተጋጠሙ። ይህን ለማድረግ ሦስቱም መግባት ነበረባቸው፦ መንኮራኩሩ ተመልሶ መጋጠም ቢያቅተው ቀጥታ ወደ ምድር ይወርዳል እንጂ ሰው ያለ ወንበር ጣቢያው ላይ አይቀርም። ከዚያ ፕሮኮፒየቭና ፔቴሊን በዲሴምበር የተሰረዘውን ሥራ ጨረሱ፤ ያ ራዲያተር በኤፕሪል ናውካ ላይ ተተከለ።

አካልን በተመለከተ፣ ክብደት አልባነት ውስጥ መከላከያ ካልተወሰደ የዳሌ አጥንት በወር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል በመቶ ይሳሳል። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፦ በላስቲክ ማሰሪያ ወደ ታች እየተሳቡ መሮጥ፣ ብስክሌት፣ ከሁሉም በላይ አየር በወጣለት ሲሊንደር ኃይል እስከ 272 ኪሎግራም ድረስ የሚያስነሣው መሣሪያ። ጨረራው ደግሞ በስፖርት አይመለስም። በቀን ግማሽ ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ቢታሰብ የ371 ቀኑ ድምር ወደ 200 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ የዕድሜ ልክ ጣሪያ ያደረገው 600 ነው። የአንድ ጉዞ መራዘም የሰውየውን የወደፊት በረራ ይቆርጥበታል ማለት ነው።

ሩቢዮ ሐኪምም የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪም ነው፤ ይህም የመጀመሪያ በረራው ነበር። ገና ከሥልጠናው በፊት ዓመት እንደሚቆይ ቢነገረው ኖሮ ለቤተሰቡ ሲል ምናልባት እምቢ ይል እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ለዕቅድ አውጪዎች ይህ ከሕክምና መረጃው የማይተናነስ ጠቃሚ ነገር ነው፤ የስድስት ወር ፈቃደኝነት የአሥራ ሁለት ወር ፈቃደኝነት አይደለም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 የማርክ ቫንዴ ሃይን የ355 ቀን የአሜሪካ ክብረ ወሰን አለፈ። የዓለሙ አሁንም በ1994 እና 95 ሚር በተባለው የሩሲያ ጣቢያ ላይ 437 ቀን የቆየው የቫለሪ ፖልያኮቭ ነው።

ሶዩዝ ምሕዋር ላይ እንዲቆይ የሚፈቀድለት 200 ቀን ገደማ ነው፤ ካፕሱሉ ሲወርድ አቅጣጫ የሚይዝባቸው አነስተኛ ሞተሮች የሚጠቀሙት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየተበላሸ ስለሚሄድ ነው። ኤምኤስ-22 በ188 ቀኑ ወረደ። ምትኩ ግን ኤምኤስ-24 ሴፕቴምበር 15 ተረካቢዎቹን እስኪያመጣ ጠብቆ 215 ቀን ቆየ። መራዘሙ ሰዎቹን ብቻ አልነካም።

ምን መታው?

የሮስኮስሞስ መልስ ጥቃቅን የጠፈር ድንጋይ የሚል ነው፤ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር እንደነበር ተገምቶ በምድር ላይ በፍጥነት ተኩስ ሙከራ ተደርጓል። በዚያ ሳምንት ጀሚኒድ የተባለው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ነበር፤ የሚመጣበት አቅጣጫ ግን ከቀዳዳው ጋር ስላልገጠመ ተጠያቂነቱ ቀረ። የፕሮግረሱም ጉዳት ከውጭ የመጣ ነው ተባለ።

ከዚያ ኦክቶበር 9 ቀን 2023፣ ሦስቱ ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ናውካ ላይ አንድ ራዲያተር አፈሰሰ። በ2010 ከራስቬት ጋር የመጣው፣ ፕሮኮፒየቭና ፔቴሊን በኤፕሪል ያዛወሩት ያው መጠባበቂያ ራዲያተር ነው። በወሩ መጨረሻ ኮኖኔንኮ እና ቹብ ወጥተው ቫልቮቹን ዘጉበት።

በአሥር ወር ውስጥ ሦስት ፍሳሽ፣ ሁሉም በሩሲያ ማቀዝቀዣ ላይ፣ ሁሉም ከውጭ በመጣ ምት ማለት ይከብዳል። የፋብሪካ እንከን መሆኑም በይፋ አልተረጋገጠም። ሦስቱ ዕድሜያቸውም አሠራራቸውም የተለያየ ነው፤ በተለይ የናውካው ራዲያተር ከአሥር ዓመት በላይ ውጭ የተሰቀለ ነበር። ሚዛናዊው አቋም የመጀመሪያውን ምት አምኖ፣ ሦስቱን በአንድ ምክንያት ጠቅልሎ አለማየት ይመስለናል። ፍርድ ለመስጠት የሚያስፈልገው ብረት ግን ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥሏል።

ከዚያ ወዲህ

የወንበሩ ብልሃት ግን በሌላ ጊዜም አገለገለ። በ2024 የቦይንግ መንኮራኩር ስታርላይነር ሄሊየም እያፈሰሰና ሞተሮቹ እያስቸገሩ ሁለቱን ጠፈርተኞች ትቶ በሴፕቴምበር ባዶውን ሲወርድ፣ ቡች ዊልሞር እና ሱኒ ዊሊያምስ ወንበር ያለው ድራጎን እስኪመጣላቸው ድረስ ለድንገተኛ የተመደበላቸው በሌላ ድራጎን የዕቃ ቦታ ላይ ነበር፤ ሩቢዮ በተመደበበት ዓይነት። የተመለሱት በማርች 2025 ነው።

በ2025 መጨረሻ ደግሞ ከቻይና የጠፈር ጣቢያ ጋር በተጋጠመው ሸንዡ-20 መንኮራኩር መስኮት ላይ ስንጥቅ ተገኘ። የሱ ቡድን ኖቬምበር 14 በአዲሱ ሸንዡ-21 ተመለሰ፤ በሸንዡ-21 መጥተው በቻይናው ጣቢያ ላይ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ጤነኛ መመለሻ አጡ። ባዶው ሸንዡ-22 ኖቬምበር 25 ተነሥቶ ደረሰላቸው፤ አሥራ አንድ ቀን መሆኑ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ቻይናውያኑ አንድ ቡድን በበረራ ላይ እያለ ቀጣዩን ሮኬትና መንኮራኩር ማስወንጨፊያው ጣቢያ ላይ በተጠንቀቅ የሚያቆሙ በመሆናቸው ነው። ያ አሠራር ከበረራ በፊት ከወራት አስቀድሞ አንድ ሙሉ መንኮራኩር ሠርቶ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥን ይጠይቃል፤ የኤምኤስ-22 ሰዎች 73 ቀን የጠበቁት፣ ከዚያም ስድስት ወር የጨመሩት፣ እንዲህ ዓይነት ትርፍ መንኮራኩር ስላልነበረ ነው።